ቀይዋ አምፖልና አማቴ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ አይደለም፤ በኋላ የምትስቁት ሳቅ ጎደሎ እንዳይሆን ብዬ ነው። ያን ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ ስለ ኤሌትሪክ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ሳያውቅ ደሞዝ የሚከፈለው ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መኪናዋን የገዛኋት ሱቁ ከተወረሰበት በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪካዊ ነው። ቀለሟ የሰነበተ እርጎ ይመስላል፤ አንደኛው በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ ጡሩምባዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ካልሆነ አይጮህም። ሰውየው ቁልፉን ሲያስረክበኝ እንባው ዱብ ዱብ አለ። መኪናዋን ወዷት መስሎኝ ትከሻውን ይዤ አጽናናሁት። አሁን ሳስበው ያለቀሰው ለኔ ነበር።

አሁን ወደ አማቴ ልሂድ፤ ያለ እሳቸው ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበርና። አባባ ተሰማ ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መልካ ጀብዱ ሄደው፣ ሐዲዱ ከበረንዳ በሚታይበት ቦታ ቤት ሠሩ። ባቡር ባለፈ ቁጥር የኪስ ሰዓታቸውን ያወጣሉ። ሰዓታቸውን በባቡሩ የሚያስተካክሉ እንዳይመስላችሁ፤ ባቡሩን ነው በሰዓታቸው የሚገመግሙት።

እኒህ ሰው እኔን አይወዱኝም ነበር። ጥፋቱም የኔ ነው። በሠርጌ ቀን ሚዜዬ ሁለት የግራ እግር ጫማ ይዞልኝ መጣና የቀኙን ፍለጋ የመጋላን ገበያ ስናካልል አርባ ደቂቃ ዘገየሁ። ስደርስ አባባ ተሰማ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ከድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል። "ባቡር ቢሆን ሄዷል" አሉ። ልጃቸውን ጸዳለን የሰጡኝም ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ከሩቅ አገር ስለመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጠው፣ ስሜን ጠርተው አያውቁም። ስለኔ ማውራት ግድ ሲሆንባቸው "የጠመኔው ሰውዬ" ይሉኛል።

እንዲህ እንዳለን ወንድ ልጅ ተወለደልን። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በተወለደ በአርባ ቀኑ ነው፤ በሠላሳ ዘጠኝ ወይም በአርባ አንድ የሚባል ነገር የለም። ጸዳለ ልጁን እያጠባች ቀና ብላ አየችኝና፣ "አባቴ በሌለበት ክርስትና ላይ እኔ ጥርሴን አላሳይም። አንተው ራስህ ሄደህ፣ በገዛ መኪናህ፣ በሰዓቱ አምጣልኝ" አለችኝ። ጸዳለ የምሯን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ልጁ ሃያ ሦስት ቀን በሞላው ዕለት፣ ሐሙስ ቀን፣ መልካ ጀብዱ ሄድኩ። አንገቴን ሰብሬ የሠርጉን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ስለ ክርስትናው ነገርኳቸው። አባባ ተሰማ አንድ የዕቃ ባቡር ከነፉርጎው አልፎ እስኪያልቅ ድረስ ሰዓታቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ተነስተው ባርኔጣቸውን ደፉ። "እስቲ የልጁን መልክ ልየው" አሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ያን አስቸጋሪ በር ከውጭ ከፍቼ አስገባኋቸው፤ ሞተሩን አስነሳሁ። ልንቀሳቀስ ስል ከዘራቸው በመሪውና በደረቴ መካከል ገባ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ አባባ?"

"ቀዩ።"

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት የሽንብራ ፍሬ የምታክል ቀይ መብራት ትበራለች። "እሷማ ዝም ብላ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ትበራለች" አልኳቸው።

"ቀይ ዝም ብሎ አይበራም" አሉ። ከውስጥ የማይከፈተውን በር በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ከፈቱና ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። "እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ ቀይ መብራት አልፌ አላውቅም። ዛሬ በጠመኔ ሰውዬ መኪና አልጀምረውም። ቀዩ ሲጠፋ ና። የክርስትናው ዕለት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ላይ እቆማለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ካለፈ ወደ ቤቴ እገባለሁ።"

እናንተ ይህን ብትሰሙ ምን ታደርጉ ነበር? መቼም ልብ ያለው ሰው ቀይዋ ለምን እንደበራች ይመረምራል። እኔ ግን ትእዛዙን ቃል በቃል ፈጸምኩት። ያን ጊዜ ከተማው ከዳር እስከ ዳር በቀይ ጨርቅ መፈክር አጊጧል፤ ያንን ሁሉ ቀይ ችዬ የኖርኩ ሰው አንዲት ሽንብራ ታሸንፈኛለች እንዴ አልኩ። ማታውኑ ካቻቢቴ ይዤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ እጄን አስገባሁ፤ ሁለት ቦታ ቆዳዬ ተላጠ፤ አምፖሏን ከነማቀፊያዋ ስቤ ነቀልኳትና ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ከጠመኔ ስብርባሪ ጋር ጨመርኳት። ቀዩ ጠፋ። በዕድሜዬ እንዲህ በፍጥነት የጠገንኩት ነገር የለም።

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይላሉ። እኔ ሁለት ቀንም አልነገሥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ባዞር መኪናዋ እንደ አኮረፈች ሴት ጭራሽ ድምፅ የላትም። ባትሪው ባዶ ሆኗል።

እዚህ ላይ መዲና ትገባለች። መዲና ጎረቤቴ ናት፤ ሰፈራችን ለገሃሬ፣ መንገድ ዳር ሻይ ቅጠልና ሳሙና ትሸጣለች። ወንድሟ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የሚመላለስ ስለሆነ ስለ መኪና የማታውቀው የለም። ኮፈኑን አስከፈተችኝና አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ አየች።

"አቦ፣ ቺንጋው ላልቷል!" አለች።

ቺንጋ ማለት ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዲናሞውን የሚያዞር የጎማ ቀበቶ ነው። ዲናሞ የተባለው ደግሞ ባትሪው ሲጎድል መልሶ የሚሞላው ዕቃ ነው። ትክክለኛ ስሙ ኦልተርኔተር ይባላል። ይህንን ለመዲና በሰፊው አስረዳኋት። "ስሙን ተወውና አጥብቀው" አለችኝ። የቤታችንን ዘነዘና አምጥቼ ዲናሞውን በሱ ፈልቅቄ ቺንጋውን ወጠርኩት፤ ብሎኑን አጠበቅኩ። መዲና በጣቷ ጫን ብላ ሞከረችና፣ "ማሻላህ፣ አሁን ይሞላል" አለች።

አልሞላም። ባትሪውን በጋሪ ጭኜ ባትሪ ከሚሞላ ሰው ቤት አስሞልቼው አመጣለሁ፤ አንድ ቀን ይሠራል፤ በማግስቱ ይሞታል። እሱን ታቅፌ ስመላለስ የባትሪው አሲድ ሱሪዬ ላይ ፈሶ ጭኔ ላይ ወንፊት ሠራ። ደህና ሱሪ ያለኝ እሱው ብቻ ስለሆነ ጸዳለ ከስሩ ጨርቅ አድርጋ ሰፋችልኝ። የሰፈሩ ሰው ለመኪናዋ "ጓዲት" የሚል ስም ያወጣላት በዚህ ጊዜ ነው፤ ያለ ሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ አትነሳማ። ጠዋት ጠዋት መዲና ደንበኞቿን ታሰልፋለች፤ ሳይገፋ ሳሙና የሚገዛ የለም።

ከዕለታት በአንዱ መዲና ወንድሟ ሲያደርግ ያየችውን ምርመራ አመጣች። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ነው፤ ዲናሞው ደህና ከሆነ ሞተሩ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ምርመራ እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ጤነኛውን ዲናሞ ይገድለዋል ሲሉ በኋላ ሰምቻለሁ። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆመ። ነቀልኩት። ሞተሩ ወዲያው እልም አለ። ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ዲናሞህ ሞቷል፣ ወላሂ" አለች መዲና።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስናገር ፊቴ አሁንም ይሞቃል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል? በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬ ፀሐይዋን ፈርታ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ እኔ ግቢ ውስጥ የአልጋ አንሶላ ዘርግቼ ዲናሞውን ፈታሁት። ከተማው ውስጥ ያልተኛን እኔና ፍየሎቹ ብቻ ነበርን። አስተማሪ ስለሆንኩ ሥርዓት አለኝ፤ እያንዳንዱን ብሎን በተፈታበት ተራ ደረደርኩ፤ የቱ ከየት እንደወጣ በደብተር ወረቀት ላይ በቀስት እየጠቆምኩ ሳልኩ። ስዕሉ ማለፊያ ነበር። ለተማሪዎቼ እንኳ እንዲያ ያለ ስዬላቸው አላውቅም።

የመጨረሻውን ቀስት ስስል የቀበሌው ጥበቃ በሩን አንኳኳ። ስብሰባ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ የክርስትና ድግስ ያለበት ሰው ደግሞ ስኳር አይተውም። እጄን ሳልታጠብ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገሩ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈና አስነሱኝ። በግራሶ እስከ ክርኔ ጠቁሯል፤ አንዱ ጥፍሬ ደምቷል።

"ጓዶች፣ ይህንን እጅ ተመልከቱ!" አሉ። "አስተማሪ ነው። ግን በእሑድ ቀን እንኳ ከሥራ አልተለየም። ይህ የሠርቶ አደር እጅ ነው!"

ተጨበጨበልኝ። አንድ ዲናሞ እንኳ መግጠም የማይችለው እጄ ለሕዝብ ከፍ ብሎ ታየ። በሙሉ ድምፅ የምርት ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመረጥኩ፤ መጪው ቅዳሜም ሙሉ ቀን እርከን ልናሠራ ተወሰነ። ልቃወም አስቤ ነበር። እጄን ባወጣ ግን እንደገና ይጨበጨብለታል ብዬ ፈራሁ።

ስመለስ የጎረቤት ፍየል አንሶላው ላይ ቆማለች። ከብረቱ አንዱንም አልነካችም። ወረቀቱን ግን የበላችው ከነቀስቱ ነው፤ አንዲት ጥግ ከአፏ ስትወጣ ደርሼ ብስበው ስሜ የተጻፈበት ጎን ብቻ ቀረልኝ። ዲናሞውን በግምት ገጠምኩት። ሲያልቅ አንድ ብሎን ተረፈ። ከድግስ የተረፈ ምግብ በረከት ነው ይባላል፤ ከዲናሞ የተረፈ ብሎን ግን እንቅልፍ አያስተኛም። ጸዳለ በመስኮት አየችኝና ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች።

ረቡዕ ዲናሞውን በከረጢት አንጠልጥዬ መጋላ ሄድኩ፤ አሊ ዘንድ። አሊ የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ነው፤ ድሬ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም። የተረፈውን ብሎን ቦታው መለሰልኝ፤ ዲናሞውን ጠረጴዛ ላይ አሰረ፤ ከራሱ ባትሪ ሽቦ ስቦ አገናኘና አዞረው። አጠገቡ የተንጠለጠለችው መፈተኛ አምፖል ቦግ ብላ በራች።

"አቦ አስተማሪ፣ ዲናሞህ ካንተም ከኔም ይልቅ ጤነኛ ነው።"

"ታዲያ መኪናው ላይ ለምን አይሞላም?"

"በሽተኛውን ቤት አስተኝተህ ኩላሊቱን ብቻ ተሸክመህ መጥተህ እኔን ትጠይቀኛለህ? መኪናዋን አምጣት።" ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ወደ ሌላው ጎን አዛወረና ትኩር ብሎ አየኝ። "ሌላ የነካካኸው ነገር አለ?"

"ምንም" አልኩ።

ይህችን "ምንም" አስታውሱልኝ። መኪናዋን ብወስድለት አሊ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ባዶ ቀዳዳ ያያል፤ ማን ነቀላት ይላል፤ እኔም ቀይ መብራት የፈራ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ልለው ነው። ኩራቴ መኪናዬን በላት። እንዲያውም በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስለ ኤሌትሪክ ዑደት ሳስተምር ያቺኑ አምፖል ከኪሴ አውጥቼ ከክፍሉ ባትሪ ጋር በሽቦ አያያዝኳት። በራች። ሽቦውን አላቀቅኩት፤ ጠፋች። "አያችሁ ልጆች? መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ኤሌትሪክ የትም አይደርስም" አልኳቸው። ይህን ብዬ አምፖሏን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

አርብ የአሊ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ስመረጥ የተጨበጨበልኝን እርከን ሳሠራ ዋልኩ። እሑድ አርባ ቀኑ ሆነ።

"ለምን በሌላ መኪና አላመጣሃቸውም?" ትሉኝ ይሆናል። የሰዓት እላፊው የሚያበቃው ከንጋቱ አሥራ አንድ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከመልካ ጀብዱ የሚነሳ መኪና የለም። ቢኖርስ? ጸዳለ "አንተው ራስህ" ብላኛለች። ዲናሞውን ቦታው መልሼ ገጥሜ፣ ባትሪውን ከዋዜማው ጢም አድርጌ አስሞልቼ፣ ልክ አሥራ አንድ ሲል ተነሳሁ። ገና ጨለማ ስለሆነ የፊት መብራት ማብራት ግድ ነበር። እሱም ባትሪውን ይጠጣዋል። መንገዱን ስጀምር ዛፉ ሁሉ ይታየኝ ነበር፤ ሳቢያን ሰፈርን ሳልፍ መንገዱ ብቻ ታየኝ፤ መልካ ጀብዱ ስደርስ የሚታየኝ የመኪናዋ አፍንጫ ብቻ ሆነ። አባባ ተሰማ በር ላይ ፍጥነት ስቀንስ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ።

እሳቸው ጥቁር የባቡር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን በላዩ ጣል አድርገው፣ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። አዩት። አሥራ አንድ ከሃያ ዘጠኝ። ሰዓቱን ኪሳቸው ከተቱት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ነበር።

ገብተው ተቀመጡ። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። እንደገና አዞርኩ። ጠቅ እንኳ የለም። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይቷ መብራት እንደ ጾመኛ ዓይን ፈዝዛ ታያለች። አባባ ተሰማ ጎንበስ ብለው ከሷ አጠገብ ያለችውን ጨለማ ቀዳዳ ተመለከቱ።

"ቀይዋስ?"

"ጠፍታለች አባባ። እርስዎ እንዳሉት።"

"ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባት። ያን ዕለት ስታስነሳ አይቻታለሁ። አሁን ለምን አልበራችም?"

እጄን የኮቴ ኪስ ላይ ጫንኩ።

"ሐዲድ ላይ ምልክቱ ጋ ደርሰህ መብራቱ ጠፍቶ ብታገኘው ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

"ማለፍ... ይቻላል?"

"ቀይ ማለት ነው። ከቀይም ይብሳል። ቀይ ከበራ አደጋ አለ ብሎ የሚነግርህ ሰው አለ። መብራቱ ከጠፋ ግን የሚነግርህ ሰውዬ ራሱ ሞቷል።" እጃቸውን ዘረጉ። "የት አለች?"

ክርስትና ላይ የምለብሰውም ክፍል የምገባበትም ኮት አንድ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ጠመኔ በጠመኔ ሆና፣ አወጣኋት። በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሏትና መልሰው ሰጡኝ። "ቦታዋ መልሳት።"

ደግሞ ሁለት ቦታ ቆዳዬ ተላጠና መለስኳት። ቁልፉን ስከፍት ፈዘዝ ብላ በራች። ወተትና ከሰል በግመል ጭነው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሰዎች መጥተው ከበቡን። አንዱ፣ "ወሪያ፣ ግመሌን ልሰርልህ?" አለኝ። ሳቁብኝ፤ ከሳቁ በኋላ ገፉልኝ። ሞተሩ ተነሳ። ነዳጅ ስሰጠው ቀይዋ አምፖል አንድ ጊዜ ቦግ አለችና ቀስ ብላ ጠፋች። ወዲያው የፊት መብራቱ ደመቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልሞላው ዲናሞ ይሞላ ጀመር።

በኋላ አሊ ሆዱን ይዞ እየሳቀ እንዳስረዳኝ፣ ዲናሞው ሥራ እንዲጀምር መጀመሪያ ከባትሪው ትንሽ ኤሌትሪክ መቅመስ አለበት። ያች ትንሽ ደግሞ የምታልፈው በዚያች በቀይዋ አምፖል በኩል ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ማለት ነው። የመጀመሪያው በሽታ የላላው ቺንጋ ብቻ ነበር፤ መዲና በአንድ እይታ አውቃው ነበር፤ እኔም በዘነዘና አድኜው ነበር። ግን እርሾውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሊጡ ለምን አይቦካም ስል ሰነበትኩ። መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ኤሌትሪክ የትም አይደርስም ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ቀሳውስቱ ሊጀምሩ ነው። ጸዳለ ልጁን በነጭ ጠቅልላ፣ ከክርስትና አባቱ ጋር ቆማለች። አባቷን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አባባ ተሰማ ወርደው ሄዱ። እኔ ግን መውረድ አልቻልኩም። ባትሪው ገና አልጠገበም፤ ሞተሩን ካጠፋሁት አይነሳም፤ ከዚህ ቤት ድረስ እሳቸውን በእግር ላስኬዳቸው ነው። እግሬን ነዳጁ ላይ አድርጌ መሪዬን ይዤ ቀረሁ። የገዛ ልጄ ሲጠመቅ በመስኮት የጸሎቱን ድምፅ ብቻ ልሰማ ነው ብዬ አለቀስኩ ብላችሁ እንዳትስቁ፤ አልቅሻለሁ።

ብዙ አልቆየሁም፤ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ተሰማ ተመልሰው መጥተዋል።

"ቄሱ አባት የት አለ ይላሉ። እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ካጠፋኋት አትነሳም አባባ። እርስዎ ይግቡ፤ እንዳይዘገዩ።"

ሰዓታቸውን አወጡ። የሚሉትን አውቀዋለሁና ቀድሜያቸው፣ "ባቡር ቢሆን ሄዷል" አልኩ።

በመስኮቱ እጃቸውን አስገቡና ቁልፉን ራሳቸው አጠፉት።

"ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ ባቡር ያዘገየሁት አንድ ቀን ነው" አሉ። "ጸዳለ የተወለደች ዕለት። አሥራ አንድ ደቂቃ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ሁለተኛዬ ነው፤ ቄሱን ጠብቁ ብያቸው መጥቻለሁ። ግባ።"

ገባሁ። ልጄ ውኃው ሲነካው የግቢውን ርግቦች ያስነሳ ጩኸት ጮኸ። ጸዳለም ጥርሷን አሳየች።

ስንወጣ ጓዲትን ነጭ የለበሰ ዘመድ ሁሉ ከኋላ ሆኖ ገፋት። በመስታወቱ ሳይ ከመካከላቸው አንድ ጥቁር ካፖርት አለ፤ ከዘራውን በብብቱ ይዞ፣ ሁለት እጁን መኪናዋ ጀርባ ላይ ጭኖ ይገፋል። ሞተሩ ተነሳ። ወርጄ በሩን ከውጭ ከፈትኩላቸው። እያለከለኩ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ጉዞው ወደ ደጄ ነው። ልነሳ ስል ከዘራቸው በመሪውና በደረቴ መካከል ገባ። ቀይዋ ገና ጭል ጭል ትል ነበር። ነዳጅ ሰጠኋት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት፤ ቀስ ብላ ጠፋች።

አባባ ተሰማ ከዘራቸውን አነሱ።

"አሁን ሂድ" አሉ።